ከአርባ ቀን በኋላ

ነቀምቴም ይሁን ጊምቢ፣ ሻምቡም ይሁን ደምቢ ዶሎ፣ ሴት ስትወልድ ሰፈሩ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ገንፎ ይገነፋል፤ መሀሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ይሞላበታል። የአራሷ እናት ከገጠር ትመጣለች፤ እናት ከሌለች አክስት፣ አክስትም ከሌለች ጎረቤት ትተካለች። አራስ ውኃ አትቀዳም፣ ልብስ አታጥብም፣ ብቻዋን አትተኛም። ጠያቂው ሕፃኑን ገለጥ አድርጎ ያይና ይመርቃል፤ ከዚያ ፊቱን ወደ እናቲቱ ያዞራል። በላሽ ወይ? እንቅልፍ አገኘሽ ወይ? ወተትሽ መጣ ወይ?

በዚህ ልማድ ውስጥ ማንም በደንብ ያላሰፈረው ትልቅ ሐሳብ አለ። ራሱን የማይችል ፍጡር የያዘ ሰው እሱም ያዥ ያስፈልገዋል። ሕፃኑ በእናቱ ይደገፋል፣ እናቱ በሰፈሩ ትደገፋለች። አራስ የምትጠየቀው ደካማ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ሌላውን ሙሉ በሙሉ የተሸከመ ሰው ለራሱ የሚተርፍ እጅ እንደሌለው ስለምናውቅ ነው።

ልማዱ ግን ቀን አለው። የወንዱ ክርስትና በአርባ፣ የሴቷ በሰማንያ ቀን ነው፤ የወንጌላውያን አማኞች በሚበዙበት በወለጋ ቆጠራው ከቤት ቤት ቢለያይም መጨረሻው ያው ነው። ጠያቂው ይሳሳል። አያት ወደ ገጠሯ ትመለሳለች። አራሷም ወገቧን አስራ ወደ ሥራዋ ትገባለች። በዚህ ማንም አይቀየምም፤ ልጁ እያደገ ነዋ። አንገቱ ይጸናል፣ ይቀመጣል፣ ይድሃል፣ አንድ ቀን ደግሞ ጎርሶ ራሱ ያኝካል። ሰማንያ ቀን ሙሉ የምናስታምመው በኋላ እንደሚቀል ስለምናምን ነው።

የማይቀልላት እናትስ?

በአምስተኛው ወር የልጇ አንገት ያልጸናላት፣ በዓመቱ ተቀምጦ ያላየችው፣ በሦስት ዓመቱ ስሙን ስትጠራው ዞር የማይልላት ሴት፣ እውነቱን ካልን አሁንም አራስ ናት። ልጇ 10 ዓመት ሞልቶት ጨርቅ ትቀይርለታለች፤ ሌሊት ጎኑ እንዳይቆስል እየተነሳች ታገላብጠዋለች። የእሷ አራስነት አላለቀም፤ ያለቀው ጥየቃው ነው። ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ስለሚያሳድጉ እናቶች ባሰብኩ ቁጥር ሐሳቤ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ አርባ ቀን በተሰጠውና ሠላሳ ዓመት በሚወስደው መካከል ባለው ልዩነት ላይ።

በጥየቃው ፋንታ የምንሰጣት ነገር አለን፤ ምስጋና። "ጀግና ነሽ" እንላታለን። "አንቺ ሆነሽ ነው እንጂ እኔ አልችለውም ነበር" እንላታለን። ሃይማኖተኞች ከሆንን ደግሞ "እግዚአብሔር ለሚችለው ነው የሚሰጠው" ብለን እንጨምርበታለን። ይህን የሚሉ ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ ከልባቸው ነው። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን እንመርምረው። ያቺ ሴት ልጁ ሲወለድ የተለየ ጥንካሬ አልነበራትም። እንደማንኛዋም ወላድ ትፈራ ነበር፣ ትደክም ነበር፣ ልጇ ሲያለቅስ ግራ ይገባት ነበር። የቻለችው የሚችል ሌላ ስለጠፋ ነው። መጀመሪያ ሸክሙ መጣ፣ ሌሎቹ ዘወር አሉ፣ መቻሉ ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀስ እያለ፣ ከእንቅልፏና ከወገቧ እየተከፈለበት መጣ። "ለሚችለው ይሰጠዋል" ስንል ግን መቻሉን ከሸክሙ አስቀድመን እናስቀምጠዋለን። ለሸክሙ የተፈጠረች እናስመስላታለን። ለሸክም ለተፈጠረ ደግሞ ማንም አያግዝም፤ በሬ ቀንበር ሲሸከም እንቀበልህ የሚለው የለም።

"እኔ አልችለውም ነበር" የሚለውም እውነት አይደለም። ትችለው ነበር። ልጁ ያንተ ቢሆን፣ ከአንተ ሌላ ሰው ባይኖረው፣ ትችለው ነበር። ይህን ዐረፍተ ነገር ስንናገር ሳናውቀው የምንላት "እኔን አትጥሪኝ" ነው።

ነቀምቴ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ምሳ ስታበላ አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ። ልጁ 9 ዓመቱ ነው። ምጡ ረዝሞ ሲወለድ ወዲያው አልተነፈሰም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰውነቱ ይገተራል፣ አይቆምም፣ ቃል የለውም። የዕለቱ ምግብ አንጮቴ ነበር፤ ወለጋ ለመስቀል የሚኮራበት፣ አጥንት ይጠግናል እየተባለ ለተሰበረ ሰው የሚቀርበው ሥር። ከነልጣጩ ቀቅላ፣ ልጣ፣ በሹካ አድቅቃ፣ በወተትና በቅቤ አለዘበችው። ከዚያ በጣቶቿ መካከል አሸት አሸት አድርጋ ለካችው። ቀጭን ከሆነ ወደ አየር ቧንቧው ይገባና ትን ይለዋል፤ ወፍራም ከሆነ ምላሱ ገፍቶ አያወርደውም። በዚያ መሀል ያለውን ውፍረት የሚያውቁት ጣቶቿ ብቻ ናቸው።

ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ማጅራቱን በክርኗ እጥፋት ያዘች፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ፣ ትንሽ ወደ ፊት እንዲያዘነብል አድርጋ። የመሀል ጣቷን ከአገጩ ሥር፣ አውራ ጣቷን መንጋጋው ላይ አሳረፈች። ግማሽ ማንኪያ አጎረሰችው። ከንፈሩን በጣቷ ገጠመችለት። ከዚያ ጠበቀች። የምታየው ፊቱን ሳይሆን ጉሮሮውን ነበር። አንዴ ሲውጥ ዝም አለች፤ የተረፈው እንዲወርድ ሁለተኛ እስኪውጥ ታገሠች፤ ያኔ ብቻ ቀጣዩን ማንኪያ አነሳች። በመካከሉ አንዴ ሳለ፤ ሳትደነግጥ ወደ ፊት ደፋ አደረገችው፣ ጀርባውን ደገፈች፣ ትንፋሹ እስኪስተካከል በኦሮምኛ እያወራችው ቆየች። "ጉርባ ኮ" ትለዋለች፤ ልጄ፣ የእኔ ጎረምሳ። አንድ ሳህን ሊያልቅ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በቀን ሦስት ጊዜ እንዲህ ነው። ራሷ ምን እንደበላች ስጠይቃት ሳቀችና ወደ ጀበናው አመለከተች።

እዚያ ያየሁትን "ጥንካሬ" ብዬ ባልፈው ያነሰ ነገር የነገርኳችሁ ይመስለኛል። ያየሁት ዕውቀት ነው። በሌላው ዓለም የመዋጥ ችግር ያለበትን ሰው ለመመገብ ዓመታት ተምሮ የሚመረቅ ባለሙያ አለ፤ የጭንቅላቱ ማዘንበል፣ የምግቡ ውፍረት፣ ሁለተኛውን መዋጥ መጠበቅ፣ ይህ ሁሉ ትምህርቱ ውስጥ አለ። እሷ የተማረችው ልጇ እጇ ላይ ትን እያለው ነው። አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ሳራ ረዲክ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የእናትነት ሥራ ስሜት ብቻ ሳይሆን የራሱን የአስተሳሰብ ሥርዓት የሚወልድ ተግባር መሆኑን ተከራክራለች። የነቀምቴዋ እናት ረዲክን አታውቃትም፤ ረዲክ የጻፈችውን ነገር ግን በየቀኑ ትሠራዋለች። የትኛው ለቅሶ የሆድ እንደሆነ፣ የትኛው ዝምታ የሚጥለው በሽታ ከመምጣቱ በፊት የሚታይ እንደሆነ፣ ማን ሲገባ እንደሚደሰት ለይታ ታውቃለች። ቃል የሌለውን ልጅ ታነበዋለች። ይህን የምለው ለሙገሳ አይደለም። ዕውቀት የሆነ ነገር ሊማሩት ይቻላል። ጥንካሬን ግን "እሷ አላት፣ እኔ የለኝም" ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ልዩነቱ ብዙ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከምስጋናው በፊት የሚመጣው ግን ክሱ ነው። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አዲስ አበባ ውስጥ የዕድገት እክል ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት አለ። 45 በመቶ የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። ከአራቱ ከአንድ የሚበልጡት ነገሩን ለመደበቅ ይጥራሉ። 40 በመቶው የልጁ ችግር ምክንያት መንፈስ ነው ብለው ያምናሉ፤ ከሩብ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ኃጢአት ነው ብለዋል። የማን ኃጢአት? የልጁ ሊሆን አይችልም። የአባትየው ሲባል እምብዛም አይሰማም። በእርግዝናዋ ወቅት የት ሄደች፣ ምን ረገጠች፣ ማንን አስቀየመች፣ በየትኛው ቀን ወንዝ ተሻገረች ተብሎ የሚጠየቀው የእሷ ሕይወት ነው። ብዙ ጊዜ ባልየውም ይህን ጥያቄ ይዞ ከቤት ይወጣል። እሷ ግን ከልጇ ጋር ትቀራለች፤ ጥያቄውም አብሯት ይቀራል።

ይህ የኋላ ቀርነት ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ ቺካጎ ይመልከት። ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝምን በሕክምና ጽሑፍ ከገለጸ በኋላ፣ የልጆቹ ወላጆች ፍቅራቸው የቀዘቀዘ ነው የሚል ሐሳብ ተስፋፋ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው መጽሐፍ ይህን አባባል ለሰፊው ሕዝብ አደረሰው፤ ጥፋቱ የእናትየዋ ነው፣ ልጇን አልወደደችውም። አንድ ሙሉ ትውልድ የአሜሪካ እናቶች ይህን ከሐኪም አፍ ሰሙ። ነጠላና ነጭ ጋዋን ይለያያሉ እንጂ ክሱ አንድ ነው። ሐሳቡ እንዲወድቅ ካደረጉት አንዱ በርናርድ ሪምላንድ ነበር፤ የሥነ ልቦና ባለሙያም፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባትም። እ.ኤ.አ. በ1964 ምክንያቱ በአካልና በአንጎል ውስጥ መፈለግ እንዳለበት ጽፎ ነበር።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዐይነ ስውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ ኃጢአቱ የእሱ ነው ወይስ የወላጆቹ? መልሱ የሁለቱም እንዳልሆነ ነበር። ይህ ምዕራፍ በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ሁሉ ይነበባል። ከተነበበ በኋላ ወደ ቤታችን ስንሄድ ደግሞ የጎረቤታችንን ልጅ አይተን የደቀ መዛሙርቱን ጥያቄ እንጠይቃለን።

ስለ ወለጋ ከተነሳ አንድ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፤ ጨው። ዝናብ የሚበዛባቸው ደጋማ አገሮች አፈራቸው አዮዲኑን በጎርፍ ያጣል፤ አዮዲን ያነሰው አፈር ያበቀለውን የሚበላ ሰውም ያንሰዋል። ምልክቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እንቅርት ነው። በየገበያው እንቅርት ያለባት እናት ማየት ብርቅ አልነበረም። አንገት ላይ የሚታየው ግን የነገሩ ቀላሉ ክፍል ነው። እርጉዝ ሴት አዮዲን በብርቱ ሲያንሳት የጽንሱ አንጎል እንደሚገባው አያድግም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን እጥረት በዓለም ላይ መከላከል ከሚቻሉ የአንጎል ጉዳት መንስኤዎች ዋነኛው ይለዋል። አገራችን ጨው ከቀይ ባሕር ወደቦች ታመጣ በነበረበት ጊዜ አዮዲን መጨመር ተጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ከተጀመረው ጦርነት በኋላ የአፋሩ አፍዴራ ዋናው የጨው ምንጭ ሲሆን ያ ሥራ ለዓመታት ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከተመረመሩት የትምህርት ዕድሜ ሕፃናት 40 በመቶ የሚጠጉት እንቅርት ነበረባቸው። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

በእነዚያ ዓመታት መሀል ያለችውን የወለጋ እርጉዝ አስቧት። ገበያ ወጥታ ጨው በስኒ ሰፍራ ገዛች። እንደ አገሩ ልማድ ቡናዋ ውስጥ ጣል አደረገችው፣ ወጧ ውስጥ ነሰነሰችው። ጨው ነው ያለችው ነገር የጎደለው ነበረበት፤ የጎደለው ደግሞ እሷ በማታውቀው የወደብ፣ የጦርነትና የፋብሪካ ጉዳይ ነው። ከዚያ ልጇ ዘግይቶ ሄደ፣ ዘግይቶ ተናገረ ወይም ጭራሽ አልተናገረም። ሰፈሩም ምን ሠርተሽ ነው አላት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይኼ ነው። የሁሉም ልጅ ችግር ከጨው ነው አልልም። በምጥ መታፈን አለ፣ ያልታከመ የጨቅላ ብጫነት አለ፣ ማጅራት ገትር አለ፣ እንደ ዳውን ሲንድሮም ከጽንሰት የሚጀምር አለ፣ እንደ ኦቲዝም ብዙ ምክንያት ተሳስሮበት ጥናቱ ያላለቀም አለ። አንዳቸውም ግን ከእናትየዋ ምግባር ጋር አይገናኙም። የጨው ነገር የሚያመኝ፣ ተጠያቂው በግልጽ ሌላ በሆነበት ቦታ እንኳን ክሱ አድራሻውን ስቶ እሷ ቤት መግባቱ ነው።

ከክሱ ለመውጣት መንገድ ትጀምራለች። ጸበል፣ ጸሎት ቤት፣ ባህላዊ ሐኪም፣ ጤና ጣቢያ፤ ሁሉም በር ይንኳኳል፤ የሚፈርድባት ካለ ሌላ በር አሳይቶ ይፍረድባት። የሕፃናት አእምሮ ሕክምና ክፍል ፍለጋ የአዲስ አበባዎቹ የካቲት 12 ወይም ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ድረስ ስትላክ ከነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደምቢ ዶሎ እጥፉ ገደማ። ቁመቱ ትከሻዋ የደረሰ፣ በጩኸት የሚደነግጥ ልጅ ይዞ በአውቶቡስ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ከጥር እስከ መጋቢት መጨረሻ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ከዚያም ወዲህ መንገዱ በግጭት ሲዘጋና ሲከፈት በኖረባቸው ዓመታት፣ በየቀኑ መወሰድ ያለበትን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትጠብቅ እናት ምን እንደምታስብ ለመገመት ብዙ ምናብ አይጠይቅም። ያ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ብሶ ይመለሳል። ከግጭቱ ሲሸሹ ደግሞ ሌላው ልጆቹን ይዞ ይሮጣል፤ እሷ ተሸክማ ነው የምትሮጠው።

አሁን ለመናገር ወደሚከብደኝ ነገር እገባለሁ። እነዚህ እናቶች የሚጸልዩት ጸሎት አለ። ነቀምቴ ሰምቼዋለሁ፤ አዲስ አበባም በዚያው ቃል ይባላል። "ከእኔ አንድ ቀን ቀድሞ ይሂድልኝ።" ልጇ ከእሷ ቀድሞ እንዲሞት የምትለምን እናት! መጀመሪያ የሰማ ሰው ይደነግጣል። በእኛ ባህል ልጅ ቅበሪ ከባድ እርግማን ነው። ይህች ሴት እርግማኑን በገዛ አፏ ጸሎት አድርጋዋለች።

ጸሎቱን ግን ቀረብ ብለን እንስማው። አንድ ዓመት አላለችም፤ አንድ ሳምንትም አላለችም። አንድ ቀን ነው ያለችው። ማለት የፈለገችው፣ እስከ መጨረሻዋ ዕለት ድረስ እኔ ልያዘው፣ እኔ ላብላው፣ ጎኑን እኔ ላገላብጥ፤ ከዚያ በአንዷ ቀን ልቅበረውና እኔም ልከተል ነው። ሸክሙ ሰለቸኝ የሚል ሰው ቀኑን ያበዛዋል፤ እሷ ግን የመጨረሻውን ያህል አሳነሰችው። የፈራችው ልጇ እሷ በሌለችበት የሚውልበትን አንድ ቀን ነው። ያን ቀን ማን እንደሚያበላው፣ ትን ቢለው ማን ወደ ፊት ደፋ እንደሚያደርገው አስባ፣ ዘመድ ጎረቤቱን አንድ በአንድ በልቧ ጠርታ፣ ማንንም ስላላገኘች ነው እዚህ ጸሎት ላይ የደረሰችው። ስለዚህ ይህ ጸሎት ወደ ሰማይ የተላከ ቢሆንም ስለ ምድሩ የሚናገር ምስክርነት አለበት። እኛን አይታናለች፤ መዝናናለች፤ አንድ ቀን እንኳን አልተማመነችብንም።

በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። 38 ዓመት የተኛው ሰው ጠበሉ ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ለጌታ መናገሩ የሚታሰብበት ነው። የዚያ ሰው ጉዳት እግሩ ብቻ አልነበረም። የነቀምቴው ልጅ ከመጻጉዕ የሚለየው ሰው ያለው በመሆኑ ነው፤ ግን አንድ ብቻ ነው ያለው። አንድ ሰው ብቻ ያለው ሰው ዘወትር ከመጻጉዕ የሚርቀው በአንዲት ነፍስ ነው።

ኤቫ ፌደር ኪታይ የተባለች አሜሪካዊት ፈላስፋ አለች። ሴሻ የምትባለው ልጇ አትናገርም፣ ራሷን ችላ አትንቀሳቀስም፤ ዕድሜ ልኳን ያዥ ያስፈልጋታል። ኪታይ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ የምዕራቡን የፍትሕ ፍልስፍና ከሥሩ ጠየቀችው። ስለ ፍትሕ የጻፉት ሊቃውንት ኅብረተሰብን ራሳቸውን የቻሉ እኩል ሰዎች የተስማሙበት ውል አድርገው ይሥሉታል፤ ጥገኛውም፣ ጥገኛውን የያዘችውም በዚያ ሥዕል ውስጥ የሉም። እሷ መነሻ ያደረገችው የወለደችን ሴት የምታስታምም ሴትን ነው። ይህች ሴት ሕፃኑን ከእናቱ አትቀማም፤ እናቲቱን ትይዛለች፣ እናቲቱ ሕፃኑን እንድትይዝ። ኪታይ የፍትሕ መሠረት ይህ ነው ትላለች። ይህን ሳነብ ደስ ያለኝ አዲስ ስለሆነ አልነበረም፤ የእኛ አያቶች በገንፎ ያውቁት ስለነበረ ነው። እኛ ሐሳቡ አልጎደለንም። የጎደለን ከአርባኛው ቀን በኋላ የሚሆነው ነው።

ከአርባኛው ቀን በኋላ ያለውን በገዛ እጇ የሠራች እናት አገራችን አይታለች። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ የነበራት ሴት ናት። ኦቲዝም ያለበት ልጇን ትምህርት ቤቶች አልቀበልም ሲሏት እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ኦቲዝም የሚለውን ቃል ብዙ ሰው ገና በማያውቅበት ዘመን በየሬዲዮውና በየቴሌቪዥኑ እየቀረበች ይህ እርግማን አይደለም ስትል ኖረች። እ.ኤ.አ. በ2021 አረፈች። ማዕከሉ አልተዘጋም። እናቶች የሚጸልዩት የ"አንድ ቀን" ጸሎት ሌላ መልስ ሲያገኝ ያየሁት በእሷ ነው፤ ከእሷ በኋላ ያለውን ቀን አስቀድማ ሰው ሞላችበት። ከአባቶችም ወገን አባ ዱላ ገመዳ፣ የኦሮሚያ ፕሬዚዳንትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበረ ሰው፣ ዳውን ሲንድሮም ባላት ልጁ ስም ዲቦራ ፋውንዴሽንን አቋቁሟል። ባለሥልጣን ልጁን በአደባባይ "ይህች የእኔ ናት" ማለቱ ስንት ጓዳ እንደከፈተ መገመት አያቅትም። ነገር ግን ሁሉም እናት ማዕከል ልትከፍት አትችልም፤ ልትጠየቅም አይገባም። የጊምቢዋ ባለ ጉሊት መጀመሪያ ዛሬ ሽንኩርቷን መሸጥ አለባት።

ሕጉ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን እንዲረዳ ያዛል። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቀናል። "አቅም በፈቀደ መጠን" የሚለው ሐረግ አገር ድሀ ስለሆነች የገባ ነው፤ አልቃወመውም። እናቲቱ ግን ድሀ ሆና ሳለ የእሷ ግዴታ ላይ ይህን ሐረግ የጻፈላት የለም።

በኦሮሞ ባህል ሴት ስትዳር ሲንቄ የተባለውን በትር ትይዛለች። ከወለደች በኋላ ባሏ ቢመታት ወይም ክብሯ ቢደፈር፣ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ቤቱም ከብቱም ሥራውም ይቆያል፤ በዳዩ ሳይክስ አይመለሱም። በአንዷ ላይ የደረሰው በሁላቸው ላይ እንደደረሰ ተቆጥሮ ነው። የእነዚህን እናቶች ነገር ለዚህ ሥርዓት ማቅረብ ቢቻል ብዬ አስባለሁ፤ ወዲያው ግን በዳዩ ማነው ስል እቸገራለሁ። ባልየው በአንድ በኩል፤ ነገር ግን ጠያቂው ሁሉ፣ አመስጋኙ ሁሉ፣ በአጥር ላይ የሚያየው ሁሉ፣ እኔም ጭምር። ሁሉም ትንሽ ትንሽ የሸሸበት በደል ከሳሽ ያጣል።

የሁሉንም ትንሽ ትንሽ ድርሻ ለመሰብሰብ ግን እኛ የታወቅን ነን። እድር አለን። ነቀምቴ ውስጥ እድር የሌለበት ሰፈር አላውቅም። ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል። ልጁ በሞተ ማግስት የዚያች እናት ቤት ደጃፍ ድንኳን ይተከላል፤ በሕይወቱ ሳለ ደጁን ረግጦ የማያውቅ ሁሉ ሦስት ቀን አብሯት ያድራል፤ ውኃ ይቀዳላታል፣ እንጀራ ይቀርብላታል፣ ብቻዋን አትተውም። አራስ ሳለች የነበረው ሁሉ ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ነው።

እድርተኛው 100 አባወራ ይሁን። እያንዳንዱ ቤት ተራ ገብቶ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ከዚያ ልጅ ጋር ቢቀመጥ፣ ተራው የሚደርሰው በ100 ቀን አንዴ ነው፤ በዓመት ሦስት ወይም አራት ሰዓት። ለእሷ በየቀኑ አንድ ሰዓት ይሆናል፤ ለመተኛት፣ ለመሸጥ፣ ለመታከም፣ ዝም ብሎ ለመቀመጥ። ቅጣቱም ለቀብር የተጻፈው ራሱ ይበቃል። ይህን ለአንድ የእድር ዳኛ አንስቼበት ነበር። አሰበና፣ "እሺ፣ ሰው ይገኛል። ግን ማን ያበላዋል? አንቆ ይገድለዋል እኮ" አለኝ። ትክክል ነው፤ ካላወቀ ያንቀዋል። ስለዚህ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ከተራው በፊት አንድ አንቀጽ መግባት አለበት፤ ተረኛው ሁሉ አስቀድሞ እሷ ዘንድ ሄዶ እንዲማር። የምግቡን ውፍረት፣ የአገጩን አያያዝ፣ ሁለተኛውን መዋጥ መጠበቅን። መምህሯ እሷ ናት፤ ክፍያም ይገባታል፤ እንደማንኛውም የእድር ወጪ በጸሐፊው መዝገብ ላይ የሚሰፍር።